እረፍት ተብሎ የተሞላ ክፍተት

አዳማ ላይ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳና አቧራው መንገደኛውን ሲያሯሩጠው፣ ኮከብ የቢሮዋን መስኮት ዘግታ የእናቷን እግር ታያለች። እናቷ ወይዘሮ ተሻለች አጠገቧ የሉም፤ ያሉት ሁሩታ ከተማ ነው። ኮከብ የምታየው ኮምፒዩተሯ ላይ የሚሄድ አንድ ሰማያዊ መስመር ነው። እናቷ በተራመዱ ቁጥር መስመሩ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሲቀመጡ ጋደም ይላል። ጠዋት ተነስተው ግቢያቸውን ሲጠርጉ ታውቃለች፤ ገበያ ሲወጡም ሲመለሱም ታውቃለች። ከእናቷ ጋር የቀራት ጨዋታ ይኸው ብቻ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የወይዘሮ ተሻለች ግራ እግር ከጉልበት በታች ፕላስቲክ ነው። የራሳቸውን የወሰደው በአሰላ መንገድ ላይ የተገለበጠ ሚኒባስ ነው። በፕላስቲኩ ቆመው ልብስ ያጥባሉ፣ ውኃ ይቀዳሉ፣ የሚያዝንላቸውን ሰው ደግሞ አይወዱም። ዕድሜ ልካቸውን አንደኛ ደረጃ ያስተማሩ ሴት ናቸውና ከንፈር የሚመጥላቸው ሲያጋጥማቸው፣ የቤት ሥራውን ያልሠራ ተማሪ በሚያዩበት ዓይን ያዩታል።

ፕላስቲክ እግር አይዝግም፣ አይነቅዝም፤ ግን ይደክማል። ይደክማል የሚለው ቃል የእኔ አይደለም፣ የኮከብ ሙያ ቃል ነው። የጄሪካን እጀታ አንድ ቀን ድንገት እጁ ላይ ያልቀረበት ሰው ያለ አይመስለኝም። ያን ቀን የተሸከምነው ውኃ ከወትሮው አልከበደም። እጀታው ሲታጠፍ ሲቃና፣ ሲታጠፍ ሲቃና፣ ለዓይን የማይታይ ስንጥቅ ውስጡ ጀምሮት፣ ስንጥቁ ትንሽ ትንሽ ሲሄድ ከርሞ ነው። ሰው ሠራሽ እግርም በዚሁ መንገድ ነው የሚሰበረው፤ ሲሰበር ግን መሬት ላይ የሚወርደው ውኃው ሳይሆን ሰውየው ነው።

ኮከብ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ምሕንድስና ታስተምራለች። ለዶክትሬቷ የያዘችው ሥራ፣ ያ ስንጥቅ እግሩን መቼ እንደሚሰብረው አስቀድሞ የሚናገር የኮምፒዩተር ሞዴል መሥራት ነው። ማሽን ለርኒንግ የሚሉት፣ ኮምፒዩተር ከምሳሌ የሚማርበት ዘዴ ሆዳም ነው፤ ለመማር የመረጃ መዓት ይፈልጋል። እሷ ያላት ላቦራቶሪ ውስጥ በማሽን እያጣጠፈች የሰበረቻቸው ጥቂት እግሮች ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ጉድለቱን በተፈጥሮ ሕግ ሞላችው። ስንጥቅ ወደ ኋላ አይመለስም። አይድንም። በረዘመ ቁጥር ይፈጥናል፤ የሚፈጥነውም በተጫነው ሸክም ልክ ነው። ኮምፒዩተሩ እነዚህን ሕጎች የሚጥስ ግምት ይዞ ሲመጣ ይቀጣል፤ ሄዶ እንደገና ይሞክራል። እንዲህ ጆሮውን እየተቆነጠጠ የተማረ ሞዴል ጥቂት አይቶ ብዙ ያውቃል። ቢያንስ ኮከብ በየስብሰባው እንዲህ ትል ነበር።

ሥራው ለወረቀት ብቻ የሚሠራ አልነበረም። እዚያው አዳማ፣ ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራበት ማዕከል ውስጥ ፈዬራ የሚባል ባለሙያ አለ። ፕላስቲኩ ከውጭ ስለሚመጣ ወረፋ ጠባቂው ብዙ ነው፤ የማን እግር መጀመሪያ ይቀየር የሚለው ጥያቄ ፈዬራን እንቅልፍ ይነሳው ነበር። ኮከብ ክብሪት የምታህል መለኪያ በየሰዉ ፕላስቲክ እግር ላይ አሰረችለት። መለኪያዋ እግሩ ላይ ያረፈውን ጫና ሁሉ እየመዘገበች በባለቤቱ ስልክ በኩል ትልካለች፤ ሞዴሉ ደግሞ ስንጥቁ የት እንደደረሰ አስልቶ የትኛው እግር እንደሚቀድም ይናገራል። ፈዬራ ወረፋውን በዚያ ማስያዝ ጀመረ። ከታሰረላቸው ሰዎች አንዷ ወይዘሮ ተሻለች ነበሩ።

አባቷ ከሞቱ ቆይቷል፤ እህትም ወንድምም የላትም። ዘመድ በደወለ ቁጥር «እናትሽን እንዲህ ብቻቸውን...» ብሎ ሲጀምር ኮከብ ያዘጋጀችው መልስ አላት። «መለኪያው ይጠብቃታል። እግሩ ሊሰበር ሲል ቀድሜ አውቃለሁ» ትላለች። አዳማ ይምጡ ብላ ለምናቸውም ነበር፤ እሳቸው «አዳማ ሰው ይቀቀልበታል እንጂ ይኖርበታል?» ብለው ነገሩን በሳቅ ዘጉት። እሷም ሥራዋን ጥላ ሁሩታ መግባት አልሆነላትም። እናም የሁለቱም ኑሮ በአንድ ነገር ላይ ተንጠለጠለ፤ እግሩ ኮከብ ሳታውቅ አይሰበርም በሚለው ላይ።

ወደ ጥቅምት ገደማ መስመሩ መቋረጥ ጀመረ። መለኪያዋ ተነቃይ ናት፤ ስትነቀል ሰማያዊው መስመር ይጠፋና ኮምፒዩተሩ ላይ ባዶ ቦታ ይቀራል። ኮከብ መጀመሪያ ያየች ቀን ወዲያው ደወለች።

«እማዬ! ምነው? መለኪያው ምን ሆነ?»

«ምን ይሆናል፤ አውልቄው ነው። ትንሽ አረፍ ልበል ብዬ።»

«ስታርፊ ማውለቅ የለብሽም እኮ።»

«እሱ እያየኝ እንዴት ብዬ ልረፍ?»

ኮከብ ከት ብላ ሳቀች። እናቷም ሳቁ። ከዚያ እናቷ የለመዱትን ጥያቄ አመጡ። «እንደው እዚያ ትልቅ ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ደህና ሰው ጠፋ?» አሏት፣ ዓይኔን ሳልከድን ምናምን አሉ፣ ኮከብም ክፍል አለኝ ብላ ዘጋችው። ሠላሳዎቹን ከጀመረች ቆይታለች፤ ጥያቄው የሚያማት ለእናቷ የምትሰጠው መልስ ስለሌላት ብቻ ሳይሆን ለራሷም ስለሌላት ነበር።

መስመሩ ግን መቋረጡን አልተወም። ጠዋት ይቋረጣል፣ ማታ ራት ሰዓት ገደማ ይቋረጣል። ኮከብ ለጥቂት ሳምንታት በተቋረጠ ቁጥር ደወለች፤ መልሱ ሁልጊዜ ያው «አረፍ ልበል ብዬ» ነው፤ ከመልሱ በኋላ የሚመጣው ጥያቄም ያው ነው። በመጨረሻ ፕሮግራሟ ላይ ሁለት መስመር ትእዛዝ ጨመረች። የእናቷ መለኪያ በተነቀለች ቁጥር ኮምፒዩተሩ ራሱ ባዶውን ይሞላዋል፤ የሚሞላው «እረፍት» ብሎ ነው። ያረፈ እግር ጫና የለውም፣ ጫና ከሌለ ስንጥቅ አይሄድም። መረጃው ጥርት አለላት፤ መደወልም አላስፈለጋት።

እንዲህ ስል ልጅቷን ጨካኝ አድርጌ እንዳላስቆጥራት እፈራለሁ። ጨካኝ አልነበረችም፣ ብቸኛ ነበረች። ብቸኝነት ሲቆይ ሰውን ከድምፅ ያሸሸዋል። አብረዋት የተማሩት ግማሾቹ አግብተው ቢሾፍቱ ገብተዋል፣ ግማሾቹ ዱከም ፋብሪካ ገብተው በሚኒባስ ሲመላለሱ ነው የሚመሽባቸው። እሷ ከሥራ ወጥታ ፍራንኮ አካባቢ ከተከራየችው ክፍል አጠገብ ያለ ጭማቂ ቤት ትቀመጣለች። አቮካዶዋን በማንኪያ እየቆረሰች ስልኳን ታያለች። አጠገቧ ያሉት ጠረጴዛዎች ላይ ጥንዶች፣ ባጃጅ ሾፌሮች፣ ተማሪዎች ይንጫጫሉ። ስልኳ ላይ የእናቷ መስመር ተቋርጦ «እረፍት» ሲል «እማዬም ቤቷ ገብታ ጋደም አለች» ትልና ደስ ይላታል። አብረው የተቀመጡ ያህል ይሰማታል። ልደውል ትልና የተኛችውን ሰው ለምን እቀሰቅሳለሁ ብላ ትተወዋለች።

ዐቢይ ጾም ሲጋመስ ፈዬራ ቢሮዋ ድረስ መጣ። ፕላስቲክ ገብቶለታል፤ ከፋሲካ በፊት የሚሠራው ግን ጥቂት እግር ነው።

«የእናትሽን ላስቀድመው?» አላት።

«ሞዴሉ ምን ይላል?»

«ሞዴሉማ እስከ ሰኔም አያሰጋቸውም ነው የሚለው። ግን እናትሽ ናቸው ብዬ ነው።»

«ሞዴሉ ያለውን ነው የምንሠራው» አለች ኮከብ፤ በራሷ ኮራች። የወይዘሮ ተሻለች ተራ ወደ ኋላ ተገፍቶ ለአቶ ዲዳ ሆነ፤ አቶ ዲዳ ቀኑን ሙሉ ቆመው እህል የሚመዝኑ ሰው ናቸውና ይገባቸዋል።

በዚያው ሰሞን ስለ ሞዴሉ የጻፈችው ጥናት የሚላክበት ቀን ደረሰ። ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ለእናቷ ደውላ ለፋሲካ እንደማትመጣ፣ ለዳግማይ ትንሣኤ ግን እንደማትቀር ነገረቻቸው። እናቷ «እሺ የኔ ልጅ፤ ሥራሽ ይቅደም» አሉ። ቢቆጧት በወደደች ነበር።

ቅዳሜ፣ የፋሲካ ዋዜማ፣ የእናቷ መስመር ገና በጠዋት ተቋረጠ። ኮከብ ከጽሑፏ ቀና ስትል አየችው። ኮምፒዩተሩ «እረፍት» ብሎ ሞልቶታል። በስድስት ሰዓትም ያው ነው። «ስቅለትን ቆማ ውላ ደክሟት ነው፣ እሰይ፣ ትረፍ» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከሰዓት በኋላ ስልኳ ጮኸ። የእናቷ ጎረቤት ዙለይካ ናት።

«ኮከብ፣ አካም ጅርታ? አትደንግጪ እሺ?»

«ምነው ዙለይካ?»

«እማማ ወድቀዋል። ደህና ናቸው፣ በሕይወት አሉ። ለበዓሉ ወተት ላድርስላቸው ብዬ ስገባ ነው ያገኘኋቸው። እግሩ ተሰብሯል፤ የላስቲኩ፣ ከቁርጭምጭሚቱ ጋ ቀንጠስ ብሏል። እጃቸውም ተሰብሯል መሰለኝ፣ አብጧል። ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ሲሚንቶው ላይ ናቸው ወላሂ። ጮሄ ነበር ይላሉ፣ እኔ ገበያ ወጥቼ፤ ማንም አልሰማ።»

የኮከብ ዓይን ኮምፒዩተሩ ላይ ነበር። እግሩ ሲሰበር መለኪያዋም ተነቅላ ወድቃ ኖሯል። እናቷ ሲሚንቶ ላይ ወድቀው የጮሁበትን ሰዓት ሁሉ፣ ራሷ የጻፈችው ፕሮግራም እረፍት፣ እረፍት፣ እረፍት እያለ ሞልቶት ነበር።

ዙለይካ መኪና ፈልጋ እስከ አዳማ አመጣቻቸው። ፋሲካ ሆስፒታል ውስጥ ዋለ። እጃቸው ጀሶ ታሰረ፤ ዳሌያቸው ተርፏል፤ ሐኪሙም ዕድለኛ ናቸው አለ። ነርሷ ልብሳቸውን ልትቀይር አንሶላውን ስትገልጥ ኮከብ የእናቷን ጉልበቶች አየች። ሁለቱም ጠቁረዋል፣ ቆዳቸው ወፍሮ እንደ ተረከዝ ሆኗል። እነዚህን ጉልበቶች ካየቻቸው ስንት ጊዜ ሆናት? ለመጨረሻ ጊዜ ሁሩታ ያደረችበትን ቀን ለማስታወስ ሞከረች፤ አልመጣላትም።

ነርሷ ስትወጣ ኮከብ ጠጋ አለች።

«እማዬ፣ ትሰግጃለሽ?»

እናቷ አንሶላውን በደህናው እጃቸው ሳቡ።

«ቄሱ ለአንቺ ተቀምጦ መጸለይ ይበቃል ብለውሽ አልነበር?»

«ብለዋል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? እግሩ እንደዚያ እንዲታጠፍ አልተሠራም እኮ! ወርደሽ ስትነሺ ሸክምሽ ሁሉ ጣቱ ላይ ነው የሚያርፈው። ያን ሰዓት መለኪያዋን አውልቀሽ አርፌ ነው ትዪኛለሽ!»

«ስግደት ይወራል እንዴ ኮከብ?» አሉ፤ በቀስታ፣ በአስተማሪ ድምፃቸው። «ለሰው ልንገር? ወይስ ለዚያ ቆጣሪሽ? እንዲቆጥርልኝ ነው የምሰግደው?»

ማንም ያደገበትን ያውቀዋል፤ ጾሙን የሚያወራ፣ ስግደቱን የሚቆጥር ሰው ይታማል። ኮከብም ይህን ሳታውቀው ቀርታ አልነበረም። በየሰዉ እግር ላይ መለኪያ ስታስር ስንት ሰዓት ትቆማላችሁ፣ ምን ያህል ዕቃ ትሸከማላችሁ ብላ ጠይቃለች። ትሰግዳላችሁ ወይ ብላ አልጠየቀችም። እግር የሌለው ሰው ይሰግዳል ብላ አላሰበችም፤ ብትጠይቅስ ማን ይነግራታል። ወደ ሆስፒታሉ በረንዳ ወጥታ አለቀሰች። ያለቀሰችው ለሞዴሉ አልነበረም።

ከበዓሉ በኋላ ፈዬራ የተሰበረውን እግር በፌስታል ይዞ መጣ። እሱም አልተኛም፣ ዓይኑ ቀልቷል።

«የሌሎቹስ?» አላት። «ያንቺን ሞዴል አምነው ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎችስ? ልጥራቸው ወይስ ልተዋቸው?»

ጥያቄው ልክ ነው። ኮከብ ስንጥቁን በአጉሊ መነጽር አየችው፤ የጀመረው ተራ እርምጃ ከሚሰነጥቀው ቦታ ሳይሆን፣ ሰው ከስግደት ሲነሳ እግሩ ወደ ላይ ሲታጠፍ ከሚወጠረው በኩል ነው። አዲስ እግር ማሽኑ ላይ አስራ፣ እየሰገደ እንደሚነሳ ሰው እያጣጠፈች ሸክሙን ለካች። ከዚያ «እረፍት» ብላ የሞላቻቸውን ክፍተቶች ሁሉ፣ የጠዋቱንም የማታውንም፣ አጠፋችና በስግደት ሸክም ሞላቻቸው። አሁን ይገጥማል ብላ ሞዴሉን አስነሳችው።

አልገጠመም። ሞዴሉ እግሩ በጥምቀት ሰሞን መሰበር ነበረበት አለ። ይህ ሁሉ ሸክም ቢኖር ኖሮ ስንጥቁ እስከ ፋሲካ ሊጎተት አይችልም። ደግማ ሞከረች፤ ያው ነው።

ሞዴሉ ውስጥ አንዲት ቁጥር አለች፤ የተፈጥሮ ሕጉ ምን ያህል ይከበር የሚለውን የምትወስን። ኮከብ ቁጥሯን ትንሽ ዝቅ ብታደርጋት ሞዴሉ እሺ አላት፤ ስንጥቁ ልክ ቅዳሜ ጠዋት ላይ ሄዶ አረፈ። ስዕሉ የሚያምር ነበር። ጥናቱን የሚገመግሙት ሰዎች በአድናቆት ያሳልፉታል፣ ፈዬራም ይረጋጋል። ጠጋ ብላ ስታየው ግን ስንጥቁ ታኅሣሥ ላይ ትንሽ ሄዶ፣ ጥር ላይ ወደ ኋላ ተመልሶ ነበር። በዓለም ላይ ወደ ኋላ የተመለሰ ስንጥቅ የለም። ስለ እናቷ አንድ ጊዜ ውሸት ሞልታ ውጤቱን አይታለች፤ ሁለተኛ ልትሞላ አልደፈረችም። ቁጥሯን ወደ ቦታዋ መለሰቻት።

ከዚያ የጠዋቱን ክፍተት ብቻ ስግደት አደረገችው፣ የማታውን ባዶ ተወችው። ሞዴሉ ሳይቀጣ፣ ሳይንገዳገድ፣ ስንጥቁን ከጥቅምት አንስቶ እየመራ እስከዚያች ቅዳሜ አደረሰው። ለፈዬራ ደውላ ሁሉንም እንዲጠራ፣ ጉልበታቸውንና የፕላስቲክ እግራቸውን ጣት አካባቢ እንዲያይ፣ ስንት ጊዜ ትሰግዳላችሁ ብሎ ግን ማንንም እንዳይጠይቅ ነገረችው። እሱም ገባው።

ኮከብ ግን ከወንበሯ አልተነሳችም። ማታ ማታ እናቷ መለኪያዋን አውልቀው አልሰገዱም፣ አልተራመዱም፣ እግሩ ላይ ምንም አላረፈም። ሊተኙም አልነበረም፤ ትንሽ ቆይተው መልሰው ያስሩት ነበር። ያን ጊዜ ሁሉ ምን እያደረጉ ነበር? ሞዴሏ ይህን አያውቅም።

እናቷ ከሆስፒታል ወጥተው እሷ ክፍል ነው የገቡት። ያን ቀን ከሥራ ስትመለስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው መስኮቱን ከፍተው ባጃጆቹን ያያሉ። ሙቀቱ ፊታቸውን አወርዝቶታል። ኮከብ ቦርሳዋን አስቀምጣ ወለሉ ላይ፣ እግራቸው ስር ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ጠዋት ጠዋት ትሰግጂ ነበር። ገብቶኛል። ስንት እንደሆነ አልጠይቅሽም።»

«እግዜር ይስጥሽ።»

«ማታ ማታስ?»

እናቷ ጀሶ የታሰረውን እጃቸውን ደባበሱ።

«ማታማ አልሰግድም።»

«አውቃለሁ። ስንጥቁ ነግሮኛል።»

«ስንጥቅ ደግሞ መናገር ጀመረ?» ብለው ሊስቁ ነበር፤ የልጃቸውን ፊት አይተው ተዉት። ከታች አንድ ባጃጅ ጥሩምባውን ነፍቶ አለፈ።

«መጀመሪያ ሰሞን» አሉ በኋላ፣ «ያን ነገር ሳወልቀው ወዲያው ስልኩ ይጮሃል። ‹ምነው እማዬ?› ትዪኛለሽ። ድምፅሽ እንዲያ ተርበትብቶ። ጠዋት ለጸሎት ነው የማወልቀው፤ ማታ ግን... ማታ ቤቱ ጭር ይላል ኮከቤ። አወልቀውና ስልኩን ጭኔ ላይ አድርጌ እቀመጣለሁ።»

«አልደውልም ነበር እኮ» አለች ኮከብ።

«አዎ። ሥራ በዝቶባት ነው እላለሁ። ትንሽ እጠብቅና መልሼ አስረዋለሁ። ካሰርኩት በኋላ ደግሞ እንዲያው ቤቱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እላለሁ።»

«ለምን?»

«ደህና መሆኔን እንድታዪ ብዬ ነዋ» አሉ።